ለአባቴ የሰዓት ጥገና ሱቅ ዶት ቴል ልግዛ? ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ

የሰዓት ሠሪው ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ስለ ዶት ቴል ዶሜይን፣ ማለትም መጨረሻው .tel ስለሆነ የኢንተርኔት አድራሻ ስም ነው። ለምን እንደፈለግሁት ካላወቃችሁ ግን መልሱ ሌላ ቦታ ይሄድብኛልና ትንሽ ታገሱኝ።

አባቴ ፒያሳ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ሰዓት ሲጠግኑ ኖረዋል። በ2016 መጋቢት ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ እኛም ዕቃችንን ይዘን ወጣን። አሁን አምባሳደር ቲያትር አካባቢ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ ከመንገድ አንታይም። የመስመር ስልካችን ከቤቱ ጋር ቀረ። ደረሰኛችን ላይ የታተመው ደግሞ ያ ስልክ ብቻ ነው።

አባቴ ጠረጴዛ ሥር አንድ መሳቢያ አለ። ውስጡ 43 ሰዓት አለ፤ ሁሉም ተሠርተው ያለቁ፣ እያንዳንዳቸው ማሰሪያቸው ላይ የደረሰኙ ቀሪ በክር የታሰረባቸው። ቀሪው ላይ ያለው የደረሰኝ ቁጥር፣ የገባበት ቀንና "መስታወት" ወይም "ስፕሪንግ" የሚል አጭር ማስታወሻ ነው። የባለቤቱ ስልክ የለም። አባቴ የደንበኛ ስልክ ተቀብለው አያውቁም፤ "ሰዓቱን የሚፈልግ ይመጣል" ነው የሚሉት። ይመጡም ነበር። አንዲት እናት ከአሜሪካ ሲመለሱ ከ4 ዓመት በኋላ ደረሰኛቸውን ይዘው መጥተው የባለቤታቸውን ሲኮ ወስደዋል። ዛሬ ቢመጡ የሚያገኙት ሰፊ መንገድ ብቻ ነው።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት አባቴ በእጅ የሚሞሉትን ሰዓቶች አውጥተው አንድ በአንድ ይሞሏቸዋል። ቆሞ የከረመ ሰዓት ዘይቱ ይደርቃል ይላሉ። ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ቀጭ ቀጭ ሲሉ ስሰማ ሆዴ ይባባል።

አንድ ጽሑፍ ላይ ዶት ቴል የስልክ ማውጫ ዓይነት ዶሜይን ነው፣ ድረ ገጽ ሳይሠሩ ስልክና አድራሻን እዚያው ስሙ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ሲቀየርም አንድ ቦታ ማስተካከል ይበቃል የሚል አነበብኩ። ለእኛ የተሠራ መሰለኝ። አሁንም እንደዚያ ይሠራል? የአዲስ አበባ ሰው ቢያየውስ ይገባዋል? እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ ቀስ ብላችሁ አስረዱኝ።

ኬብል ሳቢው፦

እህቴ፣ ያነበብሽው እውነት ነበር፤ አሁን ግን እንደዚያ አይሠራም። ጽሑፉ የቆየ መሆን አለበት። ኢንተርኔት ላይ ስለ ዶት ቴል የሚገኘው ብዙው ጽሑፍ የድሮውን ነው የሚያወራው።

እኔ ድሮ አንድ ነበረኝ፣ ስለዚህ አውቀዋለሁ። ዶት ቴልን ያወጣው ለንደን ያለ ቴልኒክ የሚባል ድርጅት ሲሆን ለማንም ሰው ክፍት የሆነው እ.ኤ.አ. በማርች 2009 ነው። ነገሩ ለየት ያለ ነበር። ዲኤንኤስ የሚባለው፣ ስም ስትጽፊ ወዴት እንደሚወስድሽ የሚያውቀው የኢንተርኔት መዝገብ ነው። ሌላ ዶሜይን እዚያ የሚያስገባው ድረ ገጹ ያለበትን ኮምፒውተር (ሰርቨር) ቁጥር ነው። ዶት ቴል ግን ስልክሽን፣ ኢሜይልሽን፣ ያለሽበትን ቦታ ራሱ መዝገቡ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ኢንተርኔት እየተቆራረጠ በሚሰቃይ ሰው ስልክ ላይ እንኳ በቅጽበት ይመጣል፤ ከጥቂት መስመር ጽሑፍ በላይ የሚጫን ነገር የለውማ። በዚያን ጊዜ ለእኛ አገር ኔትወርክ እንዴት ይመች እንደነበር አትጠይቂኝ፣ በጣም ነበር የወደድኩት። ጉድለቱ፣ በስሙ የራስሽን ድረ ገጽ መክፈት አይፈቀድም ነበር። የሁሉም ሰው ገጽ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ያ አሠራር ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ዶት ቴል እንደ ዶት ኮም ያለ ተራ ዶሜይን ነው፤ የፈለግሽውን ልትሠሪበት ትችያለሽ፣ ግን የስልክ ማውጫው አብሮት አይመጣም። ዛሬ ብትገዢ የምታገኚው ስሙን ብቻ ነው። ገጹን ራስሽ ማሠራት አለብሽ።

ደግነቱ ለእናንተ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ነው። ፎቶ አታብዢበት፣ ሰው በሞባይል ዳታ ነው የሚከፍተው። ስልኩን ስትጽፊ ዜሮውን አውጥተሽ በፕላስ 251 ጀምሪ፤ ከውጭ የሚደውልም አይቸገርም። ቁጥሩ ሲነካ በቀጥታ እንዲደውል ሠሪው ያስተካክልልሽ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

አራዳ መነጽር፦

እኔ የመነጽር ሱቅ አለኝ፣ ከነጋዴ ወገን ልንገርሽ። ስሙን በደንብ አስቢበት። ከጥቂት ዓመት በፊት መጨረሻው ያልተለመደ ዶሜይን ገዝቼ 500 ቢዝነስ ካርድ አሳተምኩ። ደንበኞቼ ከኋላው ዶት ኮም እየጨመሩ "ገጹ አይከፍትም" ብለው ይደውሉልኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሱቅ ድረስ መጥተው ካርዱን አሳዩኝ፣ "ይሄ የኢሜይል አድራሻ ነው?" አሉኝ። የእኛ ሰው ዶት ኮም ያውቃል፣ ዶት ኢቲ ያውቃል። ዶት ቴል ሲል ግን የስልክ ቁጥር ሊፈልግ ይችላል።

ዶት ኢቲ ብትፈልጊ የሚሰጠው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ የአገር ስም ስላለው ሰው ያምነዋል። ዶት ቴል ካማረሽም እኔ አልከለክልሽም፣ "ቴል" የሚለው ቃል ራሱ ከስልክ ጋር ስለሚያያዝ ለደረሰኝ አይከፋም። ብቻ ከስሙ ጎን ኪውአር ኮድ አሳትሚ። ሰው መጻፍ ሲሰለቸው ካሜራውን ይደቅናል።

ሕንፃው በር ላይም ትልቅ ታፔላ ስቀሉ። ሁለተኛ ፎቅ ያለ ሱቅ ያለ ታፔላ የለም ማለት ነው።

ኬብል ሳቢው፦

አራዳ መነጽር ያለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ግዢው ነው፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ስለሆነ።

ዶሜይኑን ማን ይግዛልሽ ማን፣ ባለቤት ተብሎ የሚመዘገበው ስምና ኢሜይል ያንቺ ይሁን። አንድ የማውቀው ነጋዴ ድረ ገጽ ሠሪው በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦለት፣ ሲጣሉ ስሙን መልሶ ማግኘት አልቻለም። የይለፍ ቃሉን አባትሽ የሚያውቁት ቦታ በወረቀት ጻፊው። የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ አይተሽ አትወስኚ፤ የእድሳቱን ዋጋ እዪ፣ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ከቻልሽ የብዙ ዓመት በአንዴ ክፈዪ፣ እስከ 10 ዓመት ይፈቀዳል። በዶላር መክፈል ለኛ በየዓመቱ ጣጣ ነው። ክፍያው ሳይታደስ ከቀረ ስሙ ወዲያው አይሸጥም፤ ስሙን የሸጠልሽ መዝጋቢ ድርጅት ለተወሰነ ጊዜ ያቆይልሻል፣ ከዚያ በቅጣት የምታስመልሺበት 30 ቀን አለ። እሱም ካለፈ ማንም ይወስደዋል።

ሌላው፣ የመሳቢያውን ሰዓቶች ዝርዝር ገጹ ላይ ላውጣ ካልሽ የደረሰኝ ቁጥሩን ብቻ ጻፊ። "ኦሪየንት፣ ነጭ ፊት" ብለሽ ከጻፍሽ ማንም ሰው "የእኔ ነው" ብሎ ይመጣል። መልኩን ባለቤቱ ይንገራችሁ።

ጡረተኛው ከፖስታ ቤት፦

ልጄ፣ እኔ የኮምፒውተር ነገር እምብዛም ነኝ፤ ልጆቼ ናቸው ይህን ያሳዩኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ውስጥ ሳጥን ሥር ነው። የምትሉትን ሳነበው የፖስታ ሳጥን ቁጥር ሆነብኝ። በእኛ አገር ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፣ ሰው ሰፈር ሲቀይር ሳጥኑን አይቀይርም። ከካዛንቺስ ወደ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ወደ ኮተቤ ሦስት ጊዜ ቤት ቀይረው በዚያው ቁልፍ ደብዳቤያቸውን የሚወስዱ ሰዎች ነበሩ። ኪራዩን ያልከፈለ ግን ሳጥኑ ለሌላ ይሰጥበታል። ስለ ክፍያው ወንድሜ ያለውን ስሚ።

አንድ ነገር ግን ሁላችሁም የዘለላችሁ መሰለኝ። ሰዓቱን ያስቀመጠው ሰው የአዲሱን ዶሜይን ስም ከየት ያውቀዋል? እጁ ላይ ያለው የድሮ ደረሰኝ ነው። ደረሰኙ ላይ ያለው የማይሠራው ስልክ ነው። እሱን ስልክ ልጁን ወይም የልጅ ልጁን "እስቲ ፈልጊልኝ" ይላል። ልጅቱም ጉግል ላይ ቁጥሩን ትጽፋለች። ስለዚህ የሞተውን ቁጥር ገጹ ላይ ጻፊው፣ በፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ። "የቀድሞ ስልካችን" ብለሽ።

ደግሞ አባትሽ 30 ዓመት ከሠሩ፣ ከ1998 መስከረም በፊት ቁጥራቸው 6 አሃዝ ነበር፤ በእናንተ ሰፈር ከፊቱ 1 ተጨምሮበት ነው 7 የሆነው። የድሮ ደረሰኝ የያዘ ሰው የሚፈልገው በ6 አሃዙ ነው። ሁለቱንም ጻፊ።

የሰዓት ሠሪው ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባባ፣ የእርስዎን ለአባቴ ሳነብላቸው ማጉያውን ከዓይናቸው አውርደው ዝም አሉ። ከዚያ 6 አሃዙን ቁጥር ሳይሳሳቱ በቃላቸው ነገሩኝ። ከ1998 በኋላም ያልጨረሱት የደረሰኝ ጥራዝ ስለነበር 1 ቁጥርን በእስክሪብቶ ከፊቱ እየጨመሩ ለዓመት ያህል ሰጥተዋል። ጥራዙ አሁንም አለ፤ ሰማያዊው 1 ከታተመው ቁጥር ትንሽ ከፍ ብሎ ተቀምጧል።

ዶት ቴሉን ገዛሁት። የአጎቴ ልጅ በካርዷ ከፈለችልኝ፣ ግን በእኔ ስምና በእኔ ኢሜይል ነው፣ ለ5 ዓመት። ዶት ኮሙም አልተያዘም ነበርና እሱንም ወሰድኩት፤ ተሳስቶ ዶት ኮም የሚጽፈው ሰው እዚያው ገጽ ላይ እንዲያርፍ ተደርጓል። ገጹ ላይ ያለው የሱቁ ስም፣ "ከፒያሳ ተነሥተን አምባሳደር አካባቢ ነን፣ ሁለተኛ ፎቅ" የሚል መስመር፣ የእኔና የአባቴ ሞባይል፣ ሁለቱ የቀድሞ ቁጥሮች፣ ከታች የደረሰኝ ቁጥሮቹ። አባቴ አንድ መስመር አስጨምረውኛል፦ "ሰዓትዎ አልተሸጠም፣ እየሠራ ነው።" ታፔላውም ታዟል።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። የ42ቱን ቁጥር አወጣሁ። አንዱ የሴት ሰዓት ነው፤ ስንጓጓዝ ዝናብ ነክቶት ቀሪው ላይ ያለው ቁጥር ታጥቧል። የሚነበበው ቀኑ ብቻ ነው። ለእሷ ምን ብዬ ልጻፍ?

ጡረተኛው ከፖስታ ቤት፦

ቀኑን ጻፊ ልጄ። ደረሰኙ ላይም ቀን አለ።