የብሩክስ መርከብ 454 ሰው፦ በየትኛው ቶን ተሰልቶ ነው?

አንድ መርከብ የሚጭናቸውን ባሪያዎች ቁጥር የገደበውን የእንግሊዝን የባሪያ መርከቦች ሕግ (እ.ኤ.አ. 1788) የምታውቁ እርዱኝ፤ ስሌቱ አልገጥም ብሎኛል። ሕጉ እስከ 201 ቶን (የመርከብ የመጫን አቅም መለኪያ) ድረስ ለየ3 ቶኑ 5 ሰው፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ቶን 1 ሰው ይፈቅድ ነበር። የሊቨርፑሏ የባሪያ መርከብ ብሩክስ 297 ቶን ተብላ ነው የተመዘገበችው፤ 335 ሲደመር 96፣ 431 ይመጣል። ባሪያዎቹ ተደርድረው በሚታዩበት ታዋቂ ሥዕሏ ላይ የሰፈረው የሕጉ ጣሪያ ግን 454 ነው። በልኬት ተገኘ በተባለው 320 ቶን ሳሰላው ቁጭ ይላል፦ 335 ሲደመር 119። (ከሕጉ በፊት 609 ሰው ጭና ነበር፤ ያ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው።)

ታዲያ የወደብ ሹሞች ጣሪያውን ይቆርጡ የነበረው በመዝገቡ ቶን ነው ወይስ በልኬቱ? ልዩነቱ 23 ሰው ነው፤ ሥዕሉ ለአንድ ወንድ 6 ጫማ በ16 ኢንች ብቻ በሰጠበት ወለል ላይ ይህ ቀላል አይደለም። የቶኑን አለካክ የሚወስነውን የሕጉን አንቀጽ የምታውቁ ቁጥሩን ብቻ ብትጠቁሙኝ ይበቃኛል።