የለስላሳ ጋዝ ልኬት፦ ላብራቶሪ 3.8፣ መስመሩ ላይ 3.6፣ የቱን ልመን?

ጀማሪ_ኪውሲ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አዲስ አበባ አንድ ለስላሳ ፋብሪካ ኪውሲ (ጥራት ቁጥጥር) ገብቻለሁ ገና ጀማሪ ነኝ ታገሱኝ። የምንሞላው ግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ነው። ክዳኑን በሚወጋው ጌጅ (ግፊት መለኪያ) ለክተን ቻርቱ (ግፊትና ሙቀቱን ወደ ጋዝ መጠን የሚቀይረው ሠንጠረዥ) ላይ ስናይ 3.8 ቮልዩም (በአንድ ሊትር መጠጥ 3.8 ሊትር ጋዝ) ይመጣል፣ መስመሩ ላይ ያለው ሜትር ግን 3.6 ነው የሚለው፣ ሁሌም እንደዛ ነው ልዩነቱ አይሰፋም አይጠብም። የሺፍት ኃላፊው ጌጁን እመን ይላል፣ ከገበያ ደግሞ ጋዙ ሳሳ የሚል ቅሬታ እየመጣ ነው። ጌጁ ካሊብሬት ተደርጓል (ልክነቱ ተረጋግጧል)። ምን ልፈትሽ?

የቢራው_ልጅ፦
መጀመሪያ አለካካችሁን ንገረን። ከወጋህ በኋላ ቫልቩን ከፍተህ አናቱ ላይ ያለውን አየር ታስወጣለህ፣ ጌጁ ዜሮ ሲል ቶሎ ትዘጋለህ፣ ከዛ ነው መናጥ። ብዙ ሰው ይቺን ይዘላትና አየሩን ጋዝ ብሎ ይቆጥራል። መርፌው መውጣት እስኪያቆም ናጠው፣ ሙቀቱንም ከዛው ጠርሙስ ውስጥ ለካ፣ አንድ ዲግሪ ከሳትክ 0.1 ቮልዩም አካባቢ ሄደ ማለት ነው።

ጀማሪ_ኪውሲ፦
አየሩን እናስወጣለን፣ ሙቀቱም ከጠርሙሱ ነው። ያው ነው።

ደገኛው፦
እንግዲያው ከፍታው ነው ብሮ። ጌጅ የሚያሳይህ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፣ ቻርቱ ደግሞ የውጭው አየር 1.01 ባር ነው ብሎ ለባህር ጠለል የተሰራ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ 0.77 ባር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ጌጁ 0.24 ባር ትርፍ ያነባል ጋዙ ግን የለም። በ20 ዲግሪ ይቺ 0.2 ቮልዩም ናት፣ የጠፋችብህ እሷው ናት። የመስመሩ ሜትር አብሶሉት ፕሬዠር (ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ጠቅላላውን ግፊት) የሚለካ ከሆነ ከፍታ አያታልለውም፣ ማኑዋሉን እይ። ከጌጁ ንባብ 0.24 ባር (3.5 ፒኤስአይ) ቀንስና ከዛ ቻርቱ ውስጥ ግባ። ድሬዳዋ ቢሆን 0.14 ይበቃ ነበር፣ የቆላ ሰው ታድሎ።

የቢራው_ልጅ፦
ይሄ ልክ ነው። ቅሬታው ግን በዚህ ብቻ አይመስለኝም። ፕላስቲክ ጋዝ ያሳልፋል፣ ትንሹ ጠርሙስ ደግሞ ለሚይዘው ፈሳሽ ገላው ሰፊ ስለሆነ ከ2 ሊትሩ ቀድሞ ይሳሳል፣ እሱንም ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲቀቅለው ይውላል። መቆያ ጊዜውን 3.8 ብላችሁ አስባችሁ ከ3.6 ከጀመረ ቀድሞ ነው የሚያልቀው። የክዳኑን ቶርክም (ምን ያህል ጠብቆ እንደተዘጋ) እየለካችሁ ነው?

ጀማሪ_ኪውሲ፦
ቶርክ በየሰዓቱ እንለካለን። እናመሰግናለን በጣም! መጠኑንስ፣ አሞላሉን በማስመሪያ ከአፉ እስከ ፈሳሹ ነው የምናየው ይበቃል?

ደገኛው፦
አይበቃም። ፕላስቲክ በጋዙ ግፊት ይነፋል፣ ሲነፋ ፈሳሹ ዝቅ ይላል፣ ሳይጎድል የጎደለ ይመስልሃል። ማስመሪያው መስመር ላይ ለቶሎ ማያ ይሁን፣ ውሳኔው በሚዛን ነው፣ የባዶውን ጠርሙስና የክዳኑን ክብደት ቀንስ፣ ለዴንሲቲው (አንድ ሚሊ ስንት ግራም እንደሚመዝን) አካፍል። 10.5 ብሪክስ (በ100 ግራም ውስጥ 10.5 ግራም ስኳር) ከሆነ 1.04 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ 500 ሚሊ ማለት 520 ግራም ነው፣ 500 ግራም አይቶ ሞላ የሚል ሰው 20 ሚሊ ያህል አጉድሎ ነው የሚሸጠው።