ላስ ቬጋስ ከቤት ዋጋ ውድቀቱ የተነሣው በምንድን ነው? ዛሬ ቤት የሚገዛስ የቱን ቁጥር ይከታተል?

ዲኬተር_ጥግ

ሰላም ለሁላችሁም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ላስ ቬጋስ ላይ የቤት ዋጋ በ2006 ጣሪያ ነክቶ እስከ 2012 እንደ ተንኮታኮተ የታወቀ ነው። የእኔ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ከተማው የተነሣው በምንድን ነው? ያኔ የጣለው ነገር ተወግዷል ወይስ ዛሬም አለ? በታክሲ፣ በሆቴልና በካዚኖ ሥራ የሚተዳደር የአገራችን ሰው እዚህ ብዙ ስለሆነ መልሱ ለብዙ ቤተሰብ ይጠቅማል። «ዋጋው ይወድቃል»፣ «የለም፣ አይወድቅም» የሚለውን ትንቢት ትተን፣ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳን ደስ ይለኛል።

ሒሳብ_ሹሙ

ከቁጥሩ ልጀምር። የነባር ቤቶች መካከለኛ ዋጋ በጁን 2006 315,000 ዶላር ነበር። በጃንዋሪ 2012 118,000 ደረሰ። 315,000 እንደገና የታለፈው በማርች 2020 ነው። ወደ 14 ዓመት ገደማ ማለት ነው፤ የኑሮ ውድነቱን ካሰላችሁት ደግሞ ከዚያም ይርቃል።

ሌላ ከተማም የቤት ዋጋ ወርዷል፤ የቬጋስን ያህል ግን የወረደ ትልቅ ከተማ አልነበረም። ምክንያቱ እዚህ ቤት መሥራት ራሱ የከተማው ዋና እንጀራ ሆኖ መቆየቱ ነው። በ2006 ከ100,000 በላይ ሰው በኮንስትራክሽን ተቀጥሮ ነበር፣ ከጠቅላላው ሠራተኛ ከአሥር አንዱ በላይ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቁጥሩ ከ40,000 በታች ወረደ። አናጢውና ቧንቧ ሠራተኛው ራሳቸው በቅርቡ የተሠራ ቤት ገዢዎች ነበሩ። ሥራው ሲቆም ብድራቸውን መክፈል አቃታቸው፣ ቤታቸው ለሽያጭ ወጣ፣ ዋጋው ወረደ፣ ዋጋው ሲወርድ ደግሞ አዲስ የሚሠራ ጠፋ። በዚህ ላይ ብድሩ ልል ነበር። ገቢውን በቃሉ ብቻ ለተናገረ ሰው ይሰጥ ነበር፤ ወለዱን እንኳ በሙሉ ሳይከፍሉ የቀረው በዋናው ዕዳ ላይ የሚደመርበት ውልም ነበረ። በ2010 ኔቫዳ ውስጥ የቤት ብድር ካለባቸው ቤቶች 70 በመቶ የሚሆኑት ዕዳቸው ከዋጋቸው በልጦ ነበር።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ አለ። ጎብኚው በ2007 39.2 ሚሊዮን ነበር፣ በ2009 36.4 ሚሊዮን ሆነ። 7 በመቶ ብቻ ነው የቀነሰው። ታዲያ ሥራ አጥነቱ ወደ 14 በመቶ የተጠጋው እንዴት ነው? ሆቴሎቹ ክፍሉን የሞሉት ዋጋ ጥለው ስለሆነ ነው። የአንድ ሌሊት አማካይ የክፍል ዋጋ በ2007 132 ዶላር ነበር፣ በ2009 93 ሆነ። የመጣው እንግዳ ቆጥቦ የሚያወጣ ነበር፤ ቲፑም፣ ታክሲውም፣ እራቱም አብሮ ቀነሰ። ስለዚህ የጎብኚ ቁጥር ብቻውን ሲነገራችሁ አትደሰቱ፣ አትደንግጡም፤ የክፍሉን ዋጋ ጠይቁ።

የቤት ዋጋው የተነሣበት መንገድ ከኢኮኖሚው ይለያል። ከኦክቶበር 2011 ጀምሮ በጸና የኔቫዳ ሕግ ባንኮች የብድሩን ሰነድ በቃለ መሐላ ሳያረጋግጡ ፎርክሎዠር (ብድሩ ያልተከፈለበትን ቤት ወስዶ መሸጥ) መጀመር አልቻሉም። የፎርክሎዠር ማስጠንቀቂያው ቁጥር በአንድ ወር ውስጥ አሽቆለቆለ፤ ገበያ ላይ ቤት ጠፋ። በ2012 እና 2013 ደግሞ ለኪራይ የሚገዙ ትልልቅ ኩባንያዎች ገቡ። በ2013 መጨረሻ የዓመቱ ጭማሪ 25 በመቶ አለፈ። የሰው ደሞዝ ግን በዚያ ልክ አላደገም። የዋጋው መነሣት የኢኮኖሚው መዳን ምልክት ተደርጎ መወራቱ ያኔም ስሕተት ነበር።

ሌሊት_ሺፍት

ሒሳብ_ሹሙ ያለው በአብዛኛው ልክ ነው፤ ስለ ዛሬው ግን ልጨምር። «ከተማው ኢኮኖሚውን አሰፋ» የሚባለውን በጥንቃቄ ብናየው ጥሩ ነው። የሆኪው ቡድን በ2017 መጣ፣ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ ሬደርስ በ2020 አዲሱ ስታዲየም ገባ፣ ስፊር የሚባለው ክብ የትርኢት አዳራሽ በ2023 ተከፈተ፣ በዚያው ዓመት በኖቬምበር የፎርሙላ 1 ውድድር ተጀመረ። በ2009 ቆሞ የቀረው የፎንቴንብሎ ሆቴልና ካዚኖ ሕንፃም በዲሴምበር 2023 በሩን ከፈተ። እነዚህ ሁሉ ጥሩ ናቸው፤ ሥራ አምጥተዋል። ግን ሁሉም የሚኖሩት በጎብኚ ነው። ለስታዲየሙ የተመደበው 750 ሚሊዮን የሕዝብ ገንዘብ እንኳ የሚከፈለው ከሆቴል ክፍል ግብር ነው። በመጋዘንና በሕክምና በኩል እድገት አለ፤ ሆቴሉን የሚተካ ደረጃ ላይ ግን አልደረሰም።

ማስረጃው 2020 ነው። ካዚኖዎቹ ከማርች 18 እስከ ጁን 4 ሲዘጉ የክልሉ ሥራ አጥነት በኤፕሪል ወደ 30 በመቶ ደረሰ፤ ከ2010ሩ እጥፍ በላይ። የቤት ዋጋ ግን አልወደቀም። የብድር ክፍያ ለጊዜው እንዲቆም ተፈቀደ፣ አብዛኛው ተበዳሪ ገቢው ተጣርቶ በቋሚ ወለድ የተበደረ ነበር፣ ተገዶ የሚሸጥም አልበዛም። በ2022 ወለድ ሲጨምርም እንዲሁ ሆነ። መካከለኛው ዋጋ በሜይ ከነበረበት 482,000 በጃንዋሪ 2023 ወደ 425,000 ወረደ፣ ከዚያ ቆመና ተመለሰ። በ3 በመቶ የተበደረ ሰው ካልተቸገረ ቤቱን አይለቅም።

እኔ የምለው፣ የብድሩ ሕመም ድኗል፣ የሥራው ግን አልዳነም። በ2025 ጎብኚው ወደ 38.5 ሚሊዮን ወረደ፣ ከ2024ቱ 7.5 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ለአሽከርካሪዎች ሌላም ነገር አለ፤ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ሹፌር የሌለው የዙክስ መኪና በስትሪፑ (ትልልቆቹ ካዚኖዎች ባሉበት ጎዳና) አካባቢ ሰው እየጫነ ነው።

መከታተል ለምትፈልጉ፣ የጎብኚዎች ባለሥልጣኑ በየወሩ የሚያወጣው አንድ ገጽ ሪፖርት ይበቃል። እዚያ ላይ አማካይ የክፍል ዋጋውን፣ የሳምንት መካከል ቀናት ክፍል አያያዝንና የኮንቬንሽን ተሰብሳቢ ቁጥርን እዩ። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ሆቴሉን የሚሞላው ኮንቬንሽን ነው፤ እሱ ሲቀንስ የሥራ ሰዓት መጀመሪያ የሚቆረጠው ተጠባባቂ ሆነው በሚሠሩት ላይ ነው። የካዚኖ ገቢ ዜና ግን አያስቸኩላችሁ። ባካራ በሚባለው የካርታ ቁማር ትልልቅ ገንዘብ የሚያስይዙ ጥቂት ተጫዋቾች አንዱን ወር ሊያነሡት ወይም ሊጥሉት ይችላሉ። ከቤት በኩል ደግሞ ገበያ ላይ ያለው ቤት በስንት ወር ሽያጭ እንደሚያልቅ እዩ፤ ከ6 ወር ካለፈ የመደራደር ጉልበቱ ወደ ገዢው ዞሯል።

የሄንደርሰኗ

እኔ ወደ ግዢው ልግባ።

ባንክ የሚቆጥረው ለግብር ያስታወቃችሁትን ገቢ ነው፤ ቲፕ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የ2 ዓመት አማካይ ይወስዳል። ያልተመዘገበ ቲፕ ለብድርም ሆነ ለአንኢምፕሎይመንት (ለሥራ አጥ ለሚሰጠው ክፍያ) እንደሌለ ነው። ከ2025 እስከ 2028 እስከ 25,000 ዶላር ቲፕ የፌዴራል ገቢ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ስለሚቀነስ፣ ማስመዝገቡ ከበፊቱ የበለጠ ያዋጣል።

ኡበርና ሊፍት የምትሠሩ ብድር የምትከለከሉት ብዙውን ጊዜ በማይል ቅናሹ ነው። በ2024 40,000 ማይል የነዳ ሰው በ67 ሳንቲም ሒሳብ 26,800 ዶላር ከገቢው ይቀንሳል፤ ባንኩ የሚያየው የቀረውን ነው። ነገር ግን ከ67ቱ ሳንቲም 30ው የመኪና እርጅና ስለሆነ፣ አበዳሪው 12,000ውን መልሶ ገቢ ላይ መደመር ይችላል። አንዳንድ የብድር ሠራተኛ ይህን ይዘለዋል፤ «የመኪና እርጅናው ይደመርልኝ» ብላችሁ ጠይቁት።

ወርኃዊው ወጪ ይህን ይመስላል። 400,000 ዶላር ብድር በ6.5 በመቶ ለ30 ዓመት ሲሆን ዋናውና ወለዱ 2,528 ነው። የቤት ግብር፣ ኢንሹራንስና የኤች.ኦ.ኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) መዋጮ ሲጨመር ከ3,000 አይወርድም። በስትሪፑ ገቢ የሚኖር ቤተሰብ ቤቱን ከገዛ በኋላ 18,000 ዶላር፣ ማለትም የ6 ወር ክፍያ፣ በእጁ ቢቀር እላለሁ። ባልና ሚስት ሁለቱም በሆቴል የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ፤ ሥራው ሲቀዘቅዝ የሁለቱም አብሮ ነው የሚቀዘቅዘው።

የቤት ግብሩ ላይ ብዙ ሰው በከንቱ ይከፍላል። ኔቫዳ ውስጥ ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ግብር በዓመት ከ3 በመቶ በላይ አይጨምርም፤ ሌላው እስከ 8 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ቤት ስትገዙ የክላርክ ካውንቲ አሴሰር (ላስ ቬጋስ ያለችበት ካውንቲ የንብረት ግምት ቢሮ) አንዲት ካርድ በፖስታ ይልካል። «ዋና መኖሪያዬ ነው» ብላችሁ ፈርማችሁ ካልመለሳችሁ ቤቱ በ8ቱ ጣሪያ ሊመዘገብ ይችላል። ዛሬ 3,150 ዶላር የሆነ ግብር ጭማሪው በየዓመቱ ጣሪያውን ቢነካ፣ ከ5 ዓመት በኋላ በ3ቱ 3,652፣ በ8ቱ 4,628 ይሆናል። ካርዱ ማስታወቂያ ስለሚመስል ሳይነበብ ይጣላል። የጠፋባችሁ አሴሰሩን ጠይቁ።

ኤች.ኦ.ኤ ካለ የሽያጭ ሰነዱን ጥቅል ሳታነቡ አትቀጥሉ። ጥቅሉ ከደረሳችሁ በኋላ ባሉት 5 ቀናት ውስጥ ውሉን መሰረዝ በሕግ ይፈቀዳል። የመጠባበቂያ ገንዘቡ ጥናት መቼ እንደ ተሠራ እዩ፤ ቢያንስ በ5 ዓመት አንዴ መሠራት አለበት። ኮንዶ ከሆነ ከ15 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቤቶች መዋጮ ከ60 ቀን በላይ ካዘገዩ መደበኛው ብድር ሊከለከል ይችላል። ያን ጊዜ የሚገዛው ጥሬ ገንዘብ ያለው ብቻ ይሆንና ዋጋው ይወርዳል። ስለ ሣርም ጠይቁ። ከ2027 መግቢያ ጀምሮ ለጌጥ ብቻ የተተከለ የጋራ ሣር በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ማጠጣት ይከለከላል። የግለሰብ ግቢን አይነካም፤ የማኅበሩ ሣር ገና ካልተነሣ ግን ወጪው ከአባላቱ መዋጮ ነው የሚመጣው።

ዲኬተር_ጥግ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ሥራ ቀዝቅዞ ክፍያ ያቋረጠ ሰው ምን ያህል ጊዜ አለው? መጀመሪያ ምን ያድርግ?

ቤት_እና_ሕግ

ጊዜ አለ፤ የሚያልቀው ግን ደብዳቤ ሳይከፈት ሲቀር ነው።

በፌዴራል ደንቡ መሠረት ክፍያው ከ120 ቀን በላይ ካልዘገየ በስተቀር የመጀመሪያው የፎርክሎዠር ማስታወቂያ አይወጣም። ስለዚህ ገና አንድ ወር ሳይታለፍ ወደ አበዳሪው ደውላችሁ የእርዳታ ማመልከቻ ጠይቁ። ማመልከቻው ለሽያጩ ቀን ከ37 ቀን በላይ ሲቀር ተሟልቶ ከገባ፣ ውሳኔ ሳይሰጥ ቤቱን ሊሸጡ አይችሉም። ቁም ነገሩ «ተሟልቶ» የሚለው ነው። የክፍያ ወረቀት፣ የባንክ መግለጫ፣ የግብር ሰነድ፣ የችግሩ ማስረጃ አንዱ ቢጎድል ያልተሟላ ተብሎ ይቀመጣል። የደረሰበትን ቀን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ኔቫዳ ውስጥ አብዛኛው ፎርክሎዠር በፍርድ ቤት አያልፍም። የዕዳ መዘግየት ማስታወቂያ ከተመዘገበ በኋላ 3 ወር ማለፍ አለበት፣ ከዚያ የሽያጭ ማስታወቂያ ወጥቶ 3 ሳምንት ገደማ። በቤቱ የሚኖር ባለቤት ከመጀመሪያው ማስታወቂያ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ሽምግልና መጠየቅ ይችላል። ይህ ከ2009 የቀረ ጥሩ ነገር ነው፤ ባንኩ ወኪል ልኮ ፊት ለፊት እንዲነጋገር ያስገድዳል። ውዝፉን ሙሉ በሙሉ ከፍሎ ማስቆም ደግሞ ከሽያጩ 5 ቀን በፊት ድረስ ይቻላል።

ከሽያጩ በኋላ ለሚቀረው ዕዳ ማን እንደሚጠየቅ እወቁ። ከኦክቶበር 1, 2009 በኋላ ከባንክ ተበድሮ ለራሱ መኖሪያ አንድ ቤት የገዛ፣ ሳያቋርጥ የኖረበትና ሪፋይናንስ ያላደረገ (ብድሩን በሌላ ብድር ያልተካ) ሰው ባንኩ ለጎደለው ገንዘብ ሊከሰው አይችልም። ሪፋይናንስ ማድረግ ይህን ከለላ ስለሚያሳጣ፣ ወለዱን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ።

የመጨረሻው የኤች.ኦ.ኤ ጉዳይ ነው። ብር ሲያጥር ሰው አስቀድሞ የሚያቆመው መዋጮውን ነው፤ አደገኛ ነው። የ9 ወር መዋጮ ከባንኩ ብድር እንኳ ይቀድማል። በ2014 የኔቫዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የማኅበር ሽያጭ የመጀመሪያውን የባንክ ብድር ሊያጠፋ እንደሚችል ወስኗል፤ ያኔ በጥቂት ሺህ ዶላር ውዝፍ ቤታቸው የተሸጠባቸው ነበሩ። በ2015 ሕጉ ተሻሽሎ ባለቤቱና ባንኩ በ60 ቀን ውስጥ እንዲዋጁት ተፈቀደ። ባንኩ ጋር ስትደራደሩ ለማኅበሩም በጽሑፍ የክፍያ ዕቅድ አስገቡ፤ ሁለቱ ቢሮዎች አይነጋገሩም።