አባዬ የሌለበት የመጀመሪያ እንቁጣጣሽ፦ ችቦውን ማን ይለኩሰው?

የአቶቴ ልጅ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነው ያለሁት፣ አቶቴ ሰፈር። አባታችን ያረፈው ሚያዝያ ላይ ነው። አርባው አለፈ፣ ሰማንያው አለፈ፣ ክረምቱም እንደምንም አለፈ። አሁን በዓል መጣ። ዘመነ ማቴዎስን ሸኝተን ማርቆስን ልንቀበል ነው፣ እኛ ቤት ግን ስለ በዓሉ ቀድሞ አፍ የሚያወጣ ሰው ጠፍቷል።

እናቴ ባለፈው ሳምንት «ዘንድሮ ድስት አልጥድም» አለች። ጥቁሯንም አላወለቀችም። ስለ ዶሮው አልተከራከርኳትም። ጎረቤት ይዞ ይመጣል፤ ደግሞም እኛ ቤት ፈረሰኛው የአባዬ ነበር፣ ዘንድሮ ለማን ይወጣል ብዬ ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። ጭንቀቴ ሌላ ነው።

አባዬ ለችቦ የራሱ ሥርዓት ነበረው። በዋዜማው ጠዋት ባጃጅ ይዞ አሮጌ ገበያ ይሄዳል። ራሱ ነው የሚመርጠው። እንጨቱን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቅ ያደርግና፣ ከውስጥ አረንጓዴ ከታየው ለሻጩ ይመልስለታል። ቤት ሲገባ ዝናብ እንዳያገኘው ማድ ቤት ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል። ሲመሽ ለኩሶ በራችን ላይ ይቆምና ከትንሹ ጀምሮ በየተራ «ዓመቱ ምን ሰጠህ? ምን ወሰደብህ?» ብሎ ይጠይቀናል። ሳይመልሱ መዝለል የለም። አንድ ዓመት፣ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ «ጥርሴን ወሰደብኝ» አልኩት። ሁሉም ሳቀ፣ እሱ ግን አልሳቀም። እንደ ትልቅ ሰው ጉዳት ቆጥሮልኝ «ይተካልሽ» አለኝ።

ራሱ ሁልጊዜ መጨረሻ ነበር። በየዓመቱ «ጤና ሰጠኝ» ነበር የሚለው። አምና ተራው ሲደርስ ዝም ብሎ እሳቱን ሲያይ ቆየና «ዘንድሮስ ደከም አለኝ» አለ። «ለመዝለል ፈርተህ ነው» ብለን ሳቅንበት። ያ ሳቅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ወንድሜን አንተ ለኩሰው ብለው «የአባዬ ነው፣ እኔ አልነካውም» አለኝ። የእህቴ ልጆች ደግሞ አምስትና ሰባት ዓመታቸው ነው፣ ችቦው መቼ ነው የሚመጣው እያሉ ነጋ ጠባ ይጠይቁኛል። እንተወው? ወይስ እናብራ? የደረሰባችሁ ሰዎች እስቲ ንገሩኝ።

የሐይቅ ዳሩ፣ ጳጉሜን 2

እህቴ ነፍስ ይማር። እኔ የሠራሁትን ስህተት ልንገርሽ። እናቴ ካረፈች በኋላ የመጣውን የመጀመሪያ በዓል አባቴ እንዳይከፋው ብዬ ምንም ነገር ሳይጎድል ላድርገው አልኩ። ዶሮው፣ ጠላው፣ ቄጠማው ሁሉ አለ፣ አባታችን ዓሣ ስለሚወድም አሞራ ገደል ሄጄ ቆሮሶ ገዛሁ፣ ዘመድ ጠራሁ። ሁሉ ነገር ልክ እሷ እንደምታደርገው ሆነ። ገና ቡራኬው እንዳለቀ አባቴ ተነስቶ ወጣ። እጁን ሊታጠብ መስሎኝ ነበር፣ ሲቆይብን ጓሮ ሄድኩ። እሷ ቡና የምታፈላበትን በርጩማ ግድግዳ ሥር አድርጎ ተቀምጦበታል። እንግዳ ቤት ሞልቶ ሁለታችን እዚያ ቆየን። ከዚያ «ብትጠይቀኝ ኖሮ ቡና ብቻ ይበቃኝ ነበር» አለኝ።

አልጠየቅኩትማ። ስለዚህ እናትሽን ጠይቂያት። ስለ ዶሮው የነገረችሽን ለችቦውም ነው ብለሽ አትውሰጂው።

ስም የለኝም፣ ጳጉሜን 2

ተዉት ባይ ነኝ። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ በር ላይ እሳት ማንደድ ይከብዳል። ለቅሶ ደራሹስ ምን ይላል?

ከታቦር ሥር፣ ጳጉሜን 3

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከላይ ለጻፍከውም፣ ለቅሶ ደራሹ ቤቱ ይገባል፣ ልጆቹ ናቸው እዚያው የሚያድሩት።

እኔ ሲዳማ ነኝ። የእኛ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ነው። ዩኔስኮ በ2008 ሳይመዘግበው በፊትም አያንቶዎቹ ከዋክብትን አይተው ቀኑን ሲነግሩን ነው ያደግነው። በዋዜማው ምሽት ከእርጥብ እንጨት በተሠራው ሁሉቃ ሥር እናልፋለን፣ ከአሮጌው ዓመት ወደ አዲሱ መሻገሪያችን ነው። እኛን የሚያስቀድመን አባቴ ነበር። እሱ በሞተ ዓመት እናቴ የበዓሉን ምግብ፣ ቡርሳሜን፣ አልሠራችም፣ ሁሉቃም አልተሠራ፣ በጊዜ በራችንን ዘግተን ተኛን። በነጋታው የጎረቤት ልጆች «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ መጡ። በፍቼ ልጅ አይመታም፣ አይቆጡትም፣ ባዶ እጁንም አይመለስም። እናቴ የልጆቹን ድምፅ ስትሰማ ከአልጋዋ ተነሳች። ቤት ውስጥ ምንም አልነበረም። እርጎ ነበር፣ እሱን በየተራ አጠጣቻቸው። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ስትሠራ ያየኋት ያን ቀን ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሁሉቃውን እኔ ሠራሁ። ጠማማ ነበር። አንድ ሰው አልተናገረኝም፣ ሁሉም ጎንበስ ብሎ አለፈ። ወንድምሽን አታስገድጂው። ግን ብቻውንም አትተይው።

የአቶቴ ልጅ፣ ጳጉሜን 4

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አባቴ በተለይ እርስዎን። ትናንት ከሰዓት የሆነውን ልንገራችሁ።

ሩፋኤል አይደል፣ ዝናቡ እንደ ልማዱ መጣ። ድሮ ልብሳችንን አስወልቆ «ውጡ፣ ጠበል ነው» የሚለን አባዬ ነበር። ልጆቹ መስኮት ላይ ተለጥፈው ያያሉ። እኔም ዝም አልኩ። እናቴ ከመኝታ ቤት ወጥታ «ምን ታስቀምጫቸዋለሽ? አውልቂላቸውና ይውጡ እንጂ» አለችኝ። ባልዲውንና ሳፋውን ራሷ አውጥታ ከቆርቆሮው አሸንዳ ሥር ደረደረች። ልጆቹ ሲጮሁ በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች፣ ነጠላዋ እስኪርስ ድረስ።

ከዚያ ነው የጠየቅኳት። ችቦውን እንተወው ወይ አልኳት። ተቆጣች።

«ዶሮ አልሠራም አልኩ እንጂ ችቦ አታብሩ መቼ አልኩ?»

ማን ይለኩሰው ስላት አልመለሰችልኝም። ትንሽ ቆይታ «ብቻ እርጥብ ይዛችሁ እንዳትመጡ» አለች።

ዛሬ ጠዋት ለገበያ ስወጣ ወንድሜ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ጠበቀኝ። ባጃጁ ውስጥ ቃል አልተነጋገርንም። አሮጌ ገበያ ደርሰን ከሦስተኛው ሻጭ ጋር በዋጋ ስከራከር ዘወር ብዬ አየሁት። አንዱን እንጨት ከእስሩ መዞ፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር እየፋቀ ነበር። ከውስጥ አየው፣ መለሰለት። «ሌላ ስጠን፣ ይሄ አልደረቀም» አለው።