የባለቤቴ እግር አልነሳ አለ፤ የደረሰበት ሰው አለ?

ጠያቂዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ታሞ ሆስፒታል ብዙ ተኝቶ ነበር። ተሽሎት ወጣ፣ ግን በጣም ከሳ። ቤት ከገባ ጀምሮ ደግሞ ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አለው። የእግሩ ፊት ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ጣቶቹን ወደ ላይ ማንሳት አይችልም። ሲራመድ ጉልበቱን ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ከፍ ያደርግና እግሩን ወለሉ ላይ “ጧ” ያደርገዋል። የትኛው ክፍል እንዳለ በድምፁ አውቃለሁ።

ሁለት ወር አለፈው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው “ፉት ድሮፕ” ብቻ ነው። ሐኪሙ “እንጠብቅ፣ እናያለን” አለን። የፕላስቲክ ድጋፍ አዘዘለት፣ እሱ ግን ሳጥኑን እንኳ አልከፈተም። አንዱ ዘመዳችን በኤሌክትሪክ እግር የሚያነሳ መሣሪያ ቪዲዮ ላከልን። ሌላው ኦፕሬሽን ካልሆነ አይድንም ይላል። ሥራው ሹፌርነት ነው። ግራ ገብቶኛል።

መልስ፦

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። እኔን የያዘኝ ግራ እግሬን ነው፤ አራት ዓመት ሆነኝ። የወለል ንጣፍ ሥራ ነበር የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ቁጢጥ ብዬ፣ ተንበርክኬ። አንድ ማታ ቤት ውስጥ ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ እየወለቀ አስቸገረኝ። ሰፍቶ ነው ብዬ ሌላ ገዛሁ። እሱም ወለቀ። ሳምንት ሙሉ ከጫማ ጋር ስጣላ ከርሜ ነው ጥፋቱ የእግሬ መሆኑ የገባኝ።

ድጋፍ፣ መሣሪያ፣ ኦፕሬሽን የሚለውን ለጊዜው ተዪውና አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ የተጎዳው የት ላይ ነው? ፉት ድሮፕ ምልክት እንጂ የበሽታው ስም አይደለም። ትእዛዙ ከአንጎል ተነስቶ በአከርካሪ፣ ከወገብ በጭን ወርዶ ነው እግር የሚደርሰው። ከመንገዱ የትም ቦታ ቢቋረጥ እግሩ ይወድቃል። ስትሮክም ያደርገዋል፣ የወገብ ዲስክም፣ ስኳርም።

አሁን እጅሽን ከጉልበትሽ ዝቅ አድርገሽ በውጭ በኩል ዳስሺ። አንዲት የአጥንት ጉብታ ታገኛለሽ። እግር የሚያነሳው ነርቭ ከዚያች ጉብታ ሥር ተጠምዝዞ ነው የሚያልፈው። እዚያ ላይ ከቆዳና ከትንሽ ስብ በቀር የሚሸፍነው የለም። እግር አነባብሮ መቀመጥ፣ ጀሶ፣ ቁጢጥ ማለት፣ አልጋ ላይ በአንድ ጎን ብዙ መተኛት ሊጫነው ይችላል። ሰው ሲከሳ ደግሞ ያቺ ትንሽ ስብም ትሄዳለች። “ከሳ፣ ብዙ ተኛ” ስትዪ የእኔ ሐሳብ ቶሎ የሄደው ወደዚያ ነው። ግን ሐኪም አይደለሁም፤ ወገቡም ሊሆን ይችላል። የእኔ ሐኪም መጀመሪያ ያስደረገኝ እግሬን ወደ ውስጥ እንዳዞር ነበር፣ መርገጫዬ ሌላውን እግሬን እንዲያይ። ያ የማዞር አቅም ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ወገብ ያደላል። ካለ ደግሞ ወደ ጉልበት። ከዚያ የነርቭ ምርመራው መጣ፣ በትንሽ ኤሌክትሪክና በቀጭን መርፌ የሚሠራው። ደስ አይልም፣ ግን ይቻላል። ጉዳቱ ከደረሰ 3 ሳምንት ገደማ ካለፈው በኋላ ነው በደንብ የሚነበበው። እናንተ ሁለት ወር ስላለፋችሁ አሁኑኑ ጠይቁ።

ቪዲዮው ላይ ያለው መሣሪያ ማታለያ አይደለም። ግን የሚሠራው ራሱን ነርቩን ቀስቅሶ ነው። ጉዳቱ አንጎል ወይም አከርካሪ ላይ ከሆነ ታች ያለው ነርቭ ደህና ስለሆነ ይታዘዘዋል። ነርቩ ራሱ ጉልበት ላይ ከሞተ ግን ገመዱ በተበጠሰ አምፖል ማብሪያ መጫን ነው። ምርመራው ሳይወጣ ገንዘባችሁን አታውጡ።

“እንጠብቅ” ማለቱ ራሱ ክፉ አይደለም። ነርቩ ተጫነ እንጂ ካልተበጠሰ በሳምንታት ወይም በወራት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። እኔም አብዛኛው ተመልሶልኛል፤ አውራ ጣቴ ብቻ እስከ ዛሬ ሰነፍ ነው። ችግሩ ቀን የሌለው መጠበቅ ነው። የተጎዳ ነርቭ እንደገና ሲያድግ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ጡንቻው ደግሞ ለዘላለም አይጠብቀውም፤ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ያለ ነርቭ ከቆየ መመለሱ ይከብዳል። ስለዚህ “እስከ መቼ ነው የምንጠብቀው? ለውጡን በምን እናያለን? ካልተለወጠስ ለማን ይመራናል?” ብላችሁ መልሱን አጽፉ።

ኦፕሬሽን ሲባል አንድ ነገር አይምሰልሽ። ነርቩ ላይ የተጫነውን ማላቀቅ አለ። የተበጠሰውን መጠገን አለ፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም። ነርቩ አይመለስም ከተባለ ደግሞ እግርን ወደ ውስጥ የሚያዞረውን ጅማት አንስተው ከላይ ይተክሉታል፣ እግሩን እንዲያነሳ። ይኼኛው ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ከታየ በኋላ የሚታሰብ ነው። ከኋላው ሳምንታት በጀሶ፣ ወራት በፊዚዮቴራፒ አለ። በሁለት ወር “ካልሆነ አይድንም” ያለው ሰው ከየት እንዳመጣው እንጃ።

ድጋፉን በተመለከተ ባለቤትሽን አልፈርድበትም። እኔም ሦስት ሳምንት አልጋ ሥር ደብቄዋለሁ። ለብሼው ብወጣ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ከዚያ የእግሬ ጣት ደረጃ ጠርዝ ላይ ያዘኝና በፊቴ ተደፋሁ። ከሱሪ ሥር ማንም አላየውም፤ የተደፋሁትን ግን ሁሉም አይቷል። ድጋፉ ከመውደቅ ያድናል፣ ተረከዝ ላይ ያለው ጅማት እንዳያጥርም ይረዳል። ጅማቱ ካጠረ ነርቩ ቢመለስም እግሩ አይነሳም፤ ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየውን ማሳሳብ በየቀኑ ያድርግ። ለድጋፉ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ ያስፈልጋል። ጫማው አንድ ቁጥር ከፍ ይበል፣ ማሰሪያ ያለው ይሁን፣ የውስጡን ንጣፍ አውጡለት። ማታ ሲያወልቀው ቆዳውን አንቺ እዪለት፤ ከደነዘዘ ቢቆስልም አይሰማውም። ቀይ ምልክቱ በግማሽ ሰዓት ካልጠፋ ወደ ሠራላችሁ ሰው መልሱት፣ ያስተካክለዋል።

ሌላው አስተርጓሚ ነው፣ ሐኪሙ አማርኛ የማይሰማ ከሆነ። እኛ ከጭን እስከ ጣት ሁሉንም “እግር” ነው የምንለው። እኔ “እግሬ ደከመኝ” አልኩ፣ አስተርጓሚው የደከመኝን ጭኔን አደረገውና የዳሌ ራጅ አነሱኝ። አንድ ወር በከንቱ ሄደ። “ከቁርጭምጭሚት በታች ወደ ላይ አይነሳም” በሉ፣ በእጅም አሳዩ። የህክምና አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ።

መንዳቱን ሐኪም እስኪፈቅድለት ያቁም። ቀኝ እግር ነዳጅና ፍሬን ነው። ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤትና ለኢንሹራንስ ማሳወቅ ግዴታ መሆን አለመሆኑ እንደየአገሩ ስለሚለያይ ባላችሁበት ጠይቁ። በግራ እግር ወይም በእጅ የሚነዳ ተደርጎ የሚገጠም መኪና አለ፣ በፈተና።

ሌላ መልስ፦

ወንድማችን በደንብ ነግሮሻል። እኔ ስትሮክ ነው ያደረገኝ፤ መሣሪያውን የምጠቀም ነኝ። ከጉልበቴ በታች አስረዋለሁ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ንዝር ያደርግና እግሬን ያነሳልኛል። ለእኔ ከፕላስቲኩ ይሻለኛል፣ ግን ከመግዛቴ በፊት ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሞክሬዋለሁ። አንቺም ሳይሞከር እንዳትገዢ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው፣ ወይም መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘው፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። ፊቱ ከተጣመመ ወይም እጁም ከዛለም እንደዚያው።

ጠያቂዋ፦

ወንድሜ፣ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስድስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የነርቭ ምርመራው ተደረገ። ጉዳቱ ያቺ ጉብታ ጋ ነው፤ ነርቩ ተጭኗል፣ አልተበጠሰም። ወገቡ ደህና ነው አሉን። በሦስት ወር ምርመራው ይደገማል፣ ካልተለወጠ ወደ ነርቭ ቀዶ ሐኪም እንደሚመሩን በወረቀት ጽፈውልናል። መሣሪያውን ትተነዋል።

የገረመኝ ሌላ ነው። መልሳችሁን አንብቤ ቀና ስል ባለቤቴ ሶፋው ላይ ነበር፣ ቀኝ እግሩን በግራው ላይ አነባብሮ ዜና ያያል። ለካ ማታ ማታ ሁሌም እንደዚያ ነው የሚቀመጠው፤ እኔም ሳየው ኖሬያለሁ። አሁን በመሃል ትራስ አደርግበታለሁ፣ ይነጫነጫል።

ሳጥኑንም ከፈተው። 43 ነበር የሚያደርገው፣ 44 ገዛን። የደረጃውን ታሪክህን ሳነብለት ሳቀ፣ በማግስቱ ለበሰው። ትናንት ማታ ሳህን እያጠብኩ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ሲነካኝ በድንጋጤ ጮህኩ። ሲመጣ አልሰማሁትም ነበር።