ጎሪላ ለማየት ከአዲስ አበባ፦ ፐርሚቱ ይቅደም ወይስ ትኬቱ?

የፒያሳዋ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔና ባለቤቴ በሚመጣው ነሐሴ የተራራ ጎሪላ ለማየት ወስነናል። ከመሄጃና ከመመለሻው ጋር ያለን ጊዜ ሰባት ቀን ነው። ሁለታችንም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የያዝነው። ፒያሳ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል ፐርሚቱ (ጎሪላ የማያ ፈቃዱ) ለአንድ ሰው 800 ዶላር ነው፣ መጀመሪያ ግን የአውሮፕላን ትኬት ቁረጡ ብሎናል። እውነት ትኬቱ ነው የሚቀድመው? ኡጋንዳ ይሻላል ሩዋንዳ? ክረምት መሆኑም አሳስቦናል። በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው፣ ሁለታችንም እንጾማለን። የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩን ውለታችሁን አንረሳም።

ጉሬዛ

እህቴ፣ ፐርሚቱ ይቀድማል። አንድ የጎሪላ ቤተሰብ በቀን የሚጎበኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ከ8 ሰው ለማይበልጥ ቡድን፣ ለአንድ ሰዓት። የቀኑ ቦታ ካለቀ አለቀ፣ ብር ስለጨመራችሁ አይገኝም። ስለዚህ ፐርሚቱ የሚገኝበትን ቀን ያዙ፣ ትኬቱንና ማደሪያውን ከዚያ ቀን ጋር አስማሙ።

የ800 ዶላሩን ነገር በደንብ አጣሩ። ከጁላይ 2024 ጀምሮ የኡጋንዳ ዱር እንስሳት ባለሥልጣን 800 ዶላር የሚያስከፍለው ከአፍሪካ ውጭ የሚመጣን ጎብኚ ነው። ለሌሎች የአፍሪካ አገራት ዜጎች የተለየ ተመን አለ፣ 500 ዶላር። ሩዋንዳም የውጭውን ሰው 1,500 እያስከፈለች ለአፍሪካ ዜጋ 500 ታደርገዋለች። ብዙ ወኪሎች የሚያውቁት የፈረንጁን ተመን ብቻ ስለሆነ፣ «የአፍሪካ ዜጋ ተመን» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የፓስፖርታችሁን ቅጂ አያይዙ። ተመኑ በየጊዜው ስለሚከለስ ከመክፈላችሁ በፊት የዘንድሮውን ዝርዝር ይላኩላችሁ። በተቃራኒው የሚሳሳትም አለ፤ «እኛም ምሥራቅ አፍሪካ ነን» ብሎ 300,000 የኡጋንዳ ሽልንጉን ተመን ይጠብቃል። እሱ ለምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገራት ነው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ አባል አይደለችም።

ስም ላይም ተጠንቀቁ። ባልና ሚስት ሆናችሁ የተለያየ የአባትና የአያት ስም ስላላችሁ፣ ወኪሉ በራሱ ግምት «የቤተሰብ ስም» ሲሞላ አንዱ ስም ይጎድላል ወይም ይዛባል። ሦስቱም ስም ፓስፖርቱ ላይ ባለው ቅደም ተከተልና ፊደል ይጻፍ። ጠዋት ምዝገባ ላይ የሚታየው ዋናው ፓስፖርት ነው።

የቱ ይሻላል ላልሽው፣ ለሰባት ቀንና ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔ ምርጫ ሩዋንዳ ነው። ከቦሌ ኪጋሊ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ በረራ ነው። የአፍሪካ ኅብረት አባል አገር ዜጋ 30 ቀን ያለ ቪዛ ክፍያ ይቆያል። ከኪጋሊ የጎሪላ ጎብኚዎች መሰብሰቢያ እስከሆነው ኪኒጊ ድረስ በጥሩ አስፋልት 2 ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ችግሩ ማደሪያ ይወደዳል፤ በመናፈሻው ደጃፍ ካሉት ሎጆች ይልቅ ሙሳንዜ ከተማ ማደር ያቀላል።

ጥቅጥቅ ያለውን የዝናብ ደን ነው የምንፈልገው ካላችሁ ግን የኡጋንዳው ብዊንዲ ነው። እዚያ ሰው የሚሳሳተው መግቢያው ላይ ነው። ቡሆማ በሰሜን፣ ሩሂጃ በምሥራቅ፣ ሩሻጋና ንኩሪንጎ በደቡብ ናቸው፤ ፐርሚቱ የሚሠራው በተጻፈበት መግቢያ ብቻ ነው። በካርታ ሲታዩ ጎረቤት ይመስላሉ፣ መንገዱ ግን ተራራውን ዞሮ ሰዓታት ይፈጃል። የሩሻጋ ፐርሚት ይዞ ቡሆማ ያደረ ሰው ለጠዋቱ ምዝገባ አይደርስም። ከኡጋንዳው ኤርፖርት ከኢንቴቤ በመኪና ሙሉ ቀን ስለሚወስድ፣ በኪጋሊ ገብቶ በቻኒካ ድንበር ወደ ኡጋንዳዋ ኪሶሮ ከተማ፣ ከዚያ ሩሻጋ መሄድ ያሳጥራል፤ ድንበሩን ጨምሮ ከ4 እስከ 5 ሰዓት። የኡጋንዳን ቪዛ ግን ከመነሳታችሁ በፊት በኢንተርኔት ጨርሱ። መኪና የምትከራዩ ከሆነ ድንበር ለመሻገር ወረቀቱና የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ኢንሹራንሱ መኖሩን ጠይቁ። ሩዋንዳ በቀኝ ይነዳል፣ ኡጋንዳ በግራ፤ ሾፌር ያለው መኪና መያዝ ይሻላል።

አድማስ

ዝናቡን በተመለከተ አትጨነቁ፤ ክረምቱ የእኛ ነው። እዚያ ምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነ ዋናው ዝናብ በዓመት ሁለቴ ነው፦ ከማርች እስከ ሜይና ከመስከረም ማብቂያ እስከ ኅዳር። አዲስ አበባ ጎርፍ ሲወርድ ብዊንዲና ኪኒጊ በደረቁ ወቅታቸው ላይ ናቸው። ደን ነውና በማንኛውም ቀን ሊያካፋ ይችላል፣ የዝናብ ልብስ አይቀርም። ደረቅ መሆኑ ያመጣው ችግር ሌላ ነው፤ ፈረንጁም የሚመጣው በዚሁ ጊዜ ስለሆነ ፐርሚቱ ከወራት በፊት ያልቃል። ለነሐሴ ከመጋቢት ወይም ከሚያዝያ በፊት ያዙ።

ቀን ስትልኩ ወሩን በፊደል ጻፉ። ነሐሴ 10 በፈረንጆቹ ኦገስት 16 ነው። በእኛ አቆጣጠር 10/12 ብላችሁ ከላካችሁ ወኪሉ ዲሴምበር 10 ይይዝላችኋል፤ የተቆረጠ ፐርሚት ቀን መቀየር ደግሞ አስቸጋሪና ወጪ ያለው ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ። ማረጋገጫው ላይ 7:30 ካለ ጠዋት 1:30 ማለት ነው። ሩዋንዳ ከእኛ አንድ ሰዓት ወደኋላ ናት፣ ኡጋንዳ ከእኛ እኩል ናት። ኪሶሮ አካባቢ ስልካችሁ የሩዋንዳን ኔትወርክ ከያዘ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደኋላ ሊያደርገው ስለሚችል፣ በስልኩ ማንቂያ ብቻ ተማምናችሁ አትተኙ። የስልኩን ራስ ሰር የሰዓት ማስተካከያ አጥፉት።

ስለ ጾሙ፦ «ቬጂቴሪያን» ብትሉ ዕንቁላልና አይብ ይመጣል። «ቪጋን፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ዕንቁላል» ብላችሁ ከማረፊያው ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፤ በተለይ ለጫካው የሚታሰረውን ምሳ፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ዕንቁላል ያለበት ሳንድዊች ነው። ከቤት ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ያዙ። ጭኮ በቅቤ ስለሚለወስ ለፍልሰታ አይሆንም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ግን በዳገት ላይ ስድስት ሰዓት ያለ ውኃ መሄድ አደገኛ ነው፣ ለዚያች ቀን የንስሐ አባታችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ። ቆሎውን በፌስታል አትቋጥሩት፤ ሩዋንዳ በፈረንጆቹ ከ2008 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፣ ኪጋሊ ኤርፖርት ይወስዱባችኋል። የጨርቅ ከረጢት ይበቃል።

የፒያሳዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ወኪሉ ጋ ተመልሰን እንሄዳለን። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ባለቤቴ ቁልቁለት ላይ ጉልበቱን ያመዋል። መንገዱ ከእንጦጦ ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው? ደግሞስ ጎሪላው ሰሜን ተራሮች ላይ እንዳለው ጭላዳ አጠገቡ የሚቀመጡበት ነው ወይስ ከሩቅ ነው የሚታየው?

ገምባሌ

ከፍታው ለአዲስ አበባ ሰው ብዙ አያስቸግርም። ብዊንዲ ከ1,160 እስከ 2,607 ሜትር ነው፣ ማለትም አብዛኛው ከፒያሳ ዝቅ ይላል። ኪኒጊ ከፍ ይላል፤ ያም ቢሆን ከእንጦጦ ብዙም አይርቅም። ሰውን የሚጥለው ጭቃው ነው። በደኑ ውስጥ የተጠረገ መንገድ የለም፤ ጠባቂው ሐረጉን በቆንጨራ እየቆረጠ ያልፋል፣ እግር የሚያርፈው የተኛ ቅጠል ላይ ነው፣ ከሥሩ ደግሞ ጉድጓድ ሊኖር ይችላል።

የሚወስደውም ሰዓት አስቀድሞ አይታወቅም። ጎሪላ በየማታው አዲስ መኝታ ይሠራል። ዱካ ፈላጊዎቹ ጎህ ሲቀድ ትናንት ከተዋቸው ቦታ ተነስተው የተበላውን ቅጠልና ፋንድያውን እየተከተሉ ያገኟቸዋል፣ ከዚያ ለመሪያችሁ በሬዲዮ ይነግራሉ። አንዳንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ነው፣ አንዳንድ ቀን ደርሶ መልስ ሰባት ሰዓት። ስለዚህ ምዝገባ ላይ፣ ቡድን ከመከፋፈሉ በፊት፣ «ጉልበት ያመዋል፣ ቅርብ ያለ ቤተሰብ ይመደብልን» በሉ። ከተመደባችሁ በኋላ መናገር ጥቅም የለውም።

ልምምዱን ከአሁኑ ጀምሩ። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ድረስ፣ በአስፋልቱ ሳይሆን በባሕር ዛፉ መሃል ባለው የእግር መንገድ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ለስድስት ሳምንት፣ 5 ኪሎ የሚሆን ቦርሳ ይዛችሁ። ወደ ታችም በእግር ውረዱ፤ ጉልበት የሚፈተነው በመውረዱ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ወጥቶ በታክሲ ይመለሳል። በቦታው ከ15 እስከ 20 ዶላር ተሸካሚ ያዙ፣ ለእያንዳንዳችሁ አንድ። ቦርሳውን ከመያዙ በላይ በዳገቱ እጃችሁን ይዞ ይጎትታል፣ በቁልቁለቱ ከፊት ሆኖ ይደግፋል። ከናካቴው መራመድ ለማይችል ሰው በቃሬዛ የሚሸከሙም አሉ፣ ዋጋው ግን በብዙ እጥፍ ነው።

ልብስ ላይ ጂንስ ተዉ፤ ሲረጥብ ይከብዳል፣ አይደርቅም። ቀጭን ረጅም ሱሪ፣ ካልሲው ከሱሪው በላይ፣ ከላዩ ገምባሌ። ምክንያቱ ጉንዳን ነው፤ መስመሩን የረገጠ ሰው እግሩ ላይ መውጣቱን የሚያውቀው ጭኑ ከደረሰ በኋላ ነው። ሳማውም የእኛን ሳማ ያስንቃል፣ ሱሪ አልፎ ይለበልባል። ስትንሸራተቱ እጃችሁ የሚይዘው እሱን ስለሆነ ወፍራም የአትክልተኛ ጓንት ግድ ነው። መርካቶ ርካሽ ይገኛል። ጫማ አዲስ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ሳምንት እንጦጦ ላይ ይለስልስ። ከመሄዳችሁ ሁለት ቀን በፊት የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ፤ በቁልቁለት የሚጠቁረው እሱ ነው።

ከጭላዳ ጋር አይመሳሰልም። ጭላዳ መሃል ቁጭ ማለት ይቻላል፣ እዚህ ግን 10 ሜትር መራቅና ማስክ ማድረግ ግዴታ ነው። ግልገሎቹ ራሳቸው ሊቀርቡ ይችላሉ፤ ያኔ እናንተ ቀስ ብላችሁ ወደኋላ ትላላችሁ፣ እጅ አትዘረጉም። ጀርባው የነጣው አውራ ደረቱን እየደለቀ ቢመጣ አትሩጡ። ዝቅ በሉ፣ ዓይኑን አትዩ፣ መሪው ያለውን አድርጉ። ከ200 ሜትር ወዲህ መብላትም መጠጣትም ክልክል ነው፣ ቦርሳውና ምሳው ከተሸካሚዎቹ ጋር ይቀራል።

ለፎቶ ፍላሽ ብቻ ሳይሆን ትኩረት ሲያስተካክል የምትበራውን ትንሽ መብራትም አጥፉ። ጥቁሩ ጸጉር ካሜራውን ስለሚያታልለው ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ ብርሃኑን አንድ ደረጃ ያህል ቀንሱት።

ነጭ ጋውን

የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ነው፤ የድሮ ካርድ ላይ 10 ዓመት ቢልም አይታደስም። ካርዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን። አዲስ አበባ ወባ ስለማናውቅ እንዘናጋለን፤ መከላከያ ኪኒን ሐኪም ጠይቁ። ከደረሱ በኋላ የሚጀመር አይደለም፣ ዓይነቱ እንደሚፈቅደው ከተመለሱም በኋላ ይቀጥላል።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ጉንፋኑን ነው። ነሐሴ አዲስ አበባ የጉንፋን ወር ነው። የእኛ ቀላል ሳል ለጎሪላ ሞት ሊሆን ይችላል፤ በፈረንጆቹ 2009 ሩዋንዳ ውስጥ ሂርዋ የሚባለው ቤተሰብ በሰው የመተንፈሻ ቫይረስ ተይዞ አንዲት እናትና አንድ ግልገል ሞተዋል። በፈረንጆቹ 2019 ላይ ይፋ በሆነው ቆጠራ በዓለም ያሉት የተራራ ጎሪላዎች 1,063 ብቻ ነበሩ። ያመመው ሰው ጠዋት ላይ ይከለከላል፣ መደበቅም ነውር ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ያለውን ሳምንት ጉንፋን ከያዘው ሰው ራቁ፣ በታክሲና በአውሮፕላን ማስክ አድርጉ። ፐርሚቱን በደረሳችሁ ማግስት አትያዙት፤ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቀን ይሁን።

ጉሬዛ

አንድ የቀረ አለ፣ ዶላሩ። ቪዛና ትኬት ይዛችሁ ከባንክ ስትገዙ ኖቶቹን አንድ በአንድ እዩ። በፈረንጆቹ ከ2009 በፊት የታተመ፣ የተቀደደ ወይም ቀለም የነካው ኖት ኡጋንዳ ውስጥ አይቀበሉም፣ ቢቀበሉም በዝቅተኛ ምንዛሪ ነው። ለተሸካሚና ለዱካ ፈላጊዎቹ የሚሆን ዝርዝር በአገሩ ገንዘብ ኪሶሮ ወይም ሙሳንዜ ላይ መንዝሩ። ጫካው አፍ ላይ ለመቶ ዶላር መልስ የሚሰጥ አይገኝም።