የሚነዝረው በገናው ነው ወይስ ገመዱ?

በገና ወዳጅ፣ ማራኪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነው የምኖረው። ማታ ማታ ሳሎን ቁጭ ብዬ በገና እሰማለሁ። በዐቢይ ጾምማ ሌላ ነገር አልከፍትም። ኮምፒውተሩና ሳውንድ ካርዱ መኝታ ቤት ናቸው። ከዚያ 8 ሜትር የአርሲኤ ገመድ (ያ ቀይና ነጭ ጃክ ያለው) በኮሪደሩ አልፎ ሳሎን ያሉት ስፒከሮች ጋ ይደርሳል። አምፕሊፋየራቸው ውስጣቸው ነው።

ችግሩ፣ ከስር «እምምም» የሚል ድምፅ አለ። ባለቤቴ እንጀራ ልትጋግር ምጣዱን ስትሰካው ደግሞ ይብሳል። በገና ራሱ ጅማቱ ስር ባለው እንዚራ በሚሉት ቁራጭ ቆዳ ምክንያት ይነዝራል፤ በገናን በገና ያደረገውም ያ ነው። አሁን ግን የቱ የበገናው፣ የቱ የመብራቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ይህ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ፒያሳ አንድ ሱቅ ስጠይቅ ጃኩ ወርቅ የተቀባ ወፍራም አርሲኤ አሳዩኝ። ዋጋው አስደነገጠኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ባለ 3 እግሩን፣ ባላንስድ የሚሉትን ገመድ ግዛ ይለኛል። ስፒከሮቼ ሁለቱንም ይቀበላሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሳውንድማን፣ አራዳ፦
ወንድሜ፣ ወርቁን ተወው። ወርቅ ዝገት ይከላከላል እንጂ ያንን ድምፅ አያጠፋም። ጓደኛህ ልክ ነው። እኛ ሰርግ ላይ 30 ሜትር ባለ 3 እግር የማይክ ገመድ ከጄኔሬተር ሽቦ አጠገብ ዘርግተን ጸጥ ብሎ ይሠራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። 1ኛዋ እግር መከለያው፣ ማለትም ሽቦዎቹን ዙሪያውን የሚሸፍነው ናት። በ2ኛዋ ድምፁ ይሄዳል፣ በ3ኛዋ ያው ድምፅ ተገልብጦ ይሄዳል። የመብራቱ እምምታ (50 ኸርዝ የሚሉት) ሲመጣ ሁለቱን ሽቦዎች እኩል ይነካል። ስፒከሩ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። ያኔ ድምፁ ይቀራል፣ እምምታው ይጠፋል። አርሲኤ ላይ ግን መከለያውም የድምፁ መመለሻም አንድ ሽቦ ነው። ስለዚህ የለቀመውን ይዞ ይገባል።

ከመግዛትህ በፊት የሳውንድ ካርዱን መመሪያ እይ። መውጫው ባላንስድ ካልሆነ ሙሉ ጥቅሙን አታገኝም። ከሆነ በአንድ ጫፉ ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለበት ትልቁ ጃክ፣ በሌላው ባለ 3 እግሩ ያለበት ገመድ ውሰድ። ደህና የማይክ ገመድ ይበቃል። መጀመሪያ ስትከፍት ቮልዩሙን ቀንስ፣ ድምፁ ከአርሲኤው ሊጎላ ይችላል።

የአዘዞዋ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ለእኔ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው «የሶኬቱን ኧርዝ ቁረጪው፣ ይጠፋል» ብሎኝ ነበር። እባክህ እንዳታደርገው! ኧርዝ ነፍስ ነው የሚያድነው። የእኔ ገመድ 1 ሜትር ተኩል ብቻ ስለነበር አርሲኤውን አልቀየርኩም። ሁሉንም ዕቃ አንድ ማከፋፈያ ላይ ስሰካው ተወኝ። ያንተ ግን ረጅም ነው። ከምጣዱ ሽቦ ጎን ለጎን አታስኪደው። የግድ መገናኘት ካለባቸው መስቀልኛ ይተላለፉ።

በገና ወዳጅ፣ ማራኪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መመሪያው ላይ ባላንስድ ይላል። ሁለት የማይክ ገመድ ገዛሁ፣ በኮሪደሩ በሌላኛው ግድግዳ በኩል አሳለፍኳቸው። ትናንት ማታ ባለቤቴ እየጋገረች አዳመጥኩ። የሚነዝረው በገናው ብቻ ነበር። የደርዳሪው ጣት ከወፍራሙ ጅማት ላይ ሲነሳ ሳይቀር ሰማሁት።